አርብ ማታ በሬይክያቪክ፦ አንድ አገር ጎረምሶቹን ከመጠጥ እንዴት መለሰ?

ልጅ ኮሌጅ ሊገባ ሲል ቤት ውስጥ የሚባለው ይታወቃል። «ከመጥፎ ጓደኛ ራቅ። መጠጥ እንዳትቀምስ። ዕፅ የሚባል ነገር አጠገብህ እንዳይደርስ።» ልጁ «እሺ» ይላል። ሻንጣው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ቤተሰቡ በስልክ ብቻ ነው የሚሰማው።

ከፍቅር የመጣ ምክር ነው፤ አልንቀውም። ግን ሻንጣ በሚዘጋበት ቀን ብቻ ከተነገረ ዘግይቷል። ይህን በግምት አልልም። አንድ አገር ሙሉ ልጆቹን «ተው» ሲል ቆይቶ አልሰሙትም። ከዚያ ቁጭ ብሎ ልጆቹን ጠየቃቸው። ባገኘው መልስ ተነሥቶም አኗኗሩን ለወጠ። ከሃያ ዓመት በኋላ የደረሰበት ቦታ በቁጥር ተቀምጧል። አገሩ አይስላንድ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከየት ተነሣ

አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ያለች ደሴት ናት። በ1990ዎቹ ሕዝቧ 300 ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። አብዛኛው ሰው የሚኖረው በዋና ከተማዋ በሬይክያቪክና በዙሪያዋ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትታየው በቀን አራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በሰኔ ደግሞ ሌሊቱ አይጨልምም።

በመጠጥ በኩል አገሪቱ ጥብቅ ናት። ቢራ እስከ ማርች 1 ቀን 1989 ድረስ ክልክል ነበር። ዛሬም ከ20 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥ አይፈቀድም። ልብ በሉ፤ ሕጉ ነበረ። ልጆቹም ይጠጡ ነበር።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሃርቪ ሚልክማን በ1991 ስለ ሥራቸው እንዲያወሩ ወደ አይስላንድ ተጋበዙ። የዚያን ዘመን ሬይክያቪክ ሲያስታውሱ፣ አርብ ማታ መሀል ከተማ ላይ መንቀሳቀስ ያስፈራ ነበር ይላሉ። መንገዱን የሚሞሉት በመጠጥ ናላቸው የዞረ ጎረምሶች ነበሩ።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። በ1998 ዕድሜያቸው 15 እና 16 ከሆነ የአገሪቱ ልጆች መካከል 42 ከመቶ የሚሆኑት ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረናል ብለዋል። 23 ከመቶው በየቀኑ ሲጋራ ያጨሱ ነበር። 17 ከመቶው ካናቢስ የሚባለውን ዕፅ ሞክረዋል። 25 ተማሪ ያለበትን አንድ ክፍል አስቡት። ከአሥር የሚበልጡት በወሩ ውስጥ ሰክረው ያውቃሉ። እንዲህ ሲሆን የማይጠጣው ልጅ ነው ለየት የሚለው። «ለምን አትጠጣም?» ተብሎ የሚጠየቀውም እሱ ነው። የጓደኛ ግፊት የምንለው ነገር ሁልጊዜ አንድ ክፉ ልጅ ጠርሙስ ይዞ ሲያባብል አይደለም። ብዙ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ የሚያደርገውን ማድረግ ነው።

በትምህርት ቤት ስለ መጠጥና ስለ ዕፅ ጉዳት ይነገራቸው ነበር። ልጆቹ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

የጭንቀት መንገድ

እዚህ ላይ ሚልክማን ያመጡት ሐሳብ ትንሽ ሊያቆየን ይገባል። ተማሪ ሳሉ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዟቸው ነበር። አንዱ ሰው የሚያደነዝዘውን ሄሮይን ሲወስድ ሌላው ለምን የሚያነቃቃውን አምፌታሚን ይመርጣል? መልሳቸው፣ ምርጫው ሰውየው ጭንቀትን ከሚቋቋምበት መንገድ ጋር የተያያዘ ነው የሚል ሆነ። ሄሮይን የሚወስደው መደንዘዝ ይፈልጋል። አምፌታሚን የሚወስደው ጭንቀቱን ፊት ለፊት መግጠም ይፈልጋል።

ይህን ሳነብ የታየኝ የፈተና ሰሞን ተማሪ ነው። ሌሊቱን ነቅቶ ለማጥናት ኪኒን የሚቀበለው ልጅና ፈተናው ሲያልቅ ራሱን እስኪስት የሚጠጣው ልጅ በውጭ ሲታዩ አይገናኙም። አንዱ ጎበዝ፣ ሌላው ዱርዬ ይባላል። ሁለቱም ግን ያንኑ ጭንቀት ነው የተሸከሙት። አንዳንዴ እንዲያውም አንድ ልጅ ናቸው፤ ሰኞ የመጀመሪያውን፣ አርብ ሁለተኛውን ነው።

ሚልክማን ከዚህ ተነሥተው እንዲህ አሉ። ልጁ የሚፈልገው ስሜቱ እንዲለወጥለት ከሆነ፣ ስሜትን የሚለውጥ ሌላ ነገር እንስጠው። በ1992 ዴንቨር ከተማ ውስጥ በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ አንድ ፕሮጀክት ጀመሩ። በዕፅና በጥቃቅን ወንጀል የተነካኩ፣ 14 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑ ልጆችን ሰበሰቡ። «ልናክማችሁ ነው» አላሏቸውም። «ልትማሩት የምትፈልጉትን እናስተምራችኋለን» ነው ያሏቸው። ሙዚቃ፣ ዳንስ፣ ሥዕል፣ ማርሻል አርት። በዚያ ላይ ከሰው ጋር መግባባትንና ጭንቀትን መያዝን ይማራሉ። ለልጆቹ የተነገራቸው ለሦስት ወር ነው ተብሎ ነበር። አምስት ዓመት የቆዩ አሉ።

ዴንቨር ላይ የተረዱት የተቸገሩ ልጆች ናቸው። አይስላንድ ውስጥ ጥያቄው ሰፋ። ገና ያልተቸገረውንስ ልጅ?

ፖስታው

በ1992 በመላ አይስላንድ ባሉ ትምህርት ቤቶች 14፣ 15 እና 16 ዓመት የሆናቸው ተማሪዎች አንድ መጠይቅ ሞሉ። በ1995 እና በ1997 ተደገመ። ከጊዜ በኋላ ቋሚ ሥራ ሆነ። ከዋናዎቹ ተመራማሪዎች አንዷ ኢንጋ ዶራ ሲግፉስዶቲር ናት።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ እኔን የማረከኝም ይኸው ቅለቱ ነው። መምህሩ ወረቀቱን ያድላል። ስም አይጻፍበትም። ጥያቄዎቹ ስለ መጠጥ ብቻ አይደሉም። ለመጨረሻ ጊዜ የሰከርከው መቼ ነው? ሲጋራ አጭሰህ ታውቃለህ? ከወላጆችህ ጋር ምን ያህል ጊዜ ታሳልፋለህ? ትቀርባቸዋለህ? ከትምህርት በኋላ የምትሠራው ነገር ምንድን ነው? ልጁ ሞልቶ ሲጨርስ ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከትቶ ራሱ ያሽገዋል። መምህሩ አያየውም።

ውጤቱ መደርደሪያ ላይ አይከርምም። በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ለየከተማው አስተዳደርና ለየትምህርት ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ወላጆች ሲሰበሰቡ የሚያዩት የአገር አማካይ ብቻ አይደለም። የራሳቸውን ሰፈር ልጆች ነው የሚያዩት። «የኛ ልጆች እንዲህ አያደርጉም» የምትለው ቃል እዚህ ጋ ታበቃለች።

መልሶቹ ሲተነተኑ የሚጠጡትንና የማይጠጡትን ልጆች የሚለዩ አራት ነገሮች ጎልተው ወጡ። የመጀመሪያው በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን በአሠልጣኝ የሚመራ ነገር ላይ መሳተፍ ነው፤ በተለይ ስፖርት። ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያስብልኝ ሰው አለ ብሎ መሰማትም አለበት። ማታ ዘግይቶ ውጭ አለመገኘትም እንዲሁ። አራተኛው ከወላጅ ጋር በሳምንቱ ውስጥ የሚያሳልፉት ጠቅላላ ጊዜ ነው።

ጠቅላላ ጊዜ። ይህ ቃል ብዙ ወላጅን ሳይከነክነው አልቀረም። ሥራ የበዛበት ወላጅ «ጊዜዬ ትንሽ ቢሆንም ጥራት አለው» ብሎ ራሱን ያጽናናል። የአይስላንድ ወላጆችም እንዲህ ይሉ ነበር። መጠይቁ ግን የብዛቱን ነገር አወጣ። አልፎ አልፎ ከሚደገስ ልዩ ቀን ይልቅ ተራው ማክሰኞ ነው የሚጠብቀው። ወላጅ ወጥ ሲሠራ ልጅ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራ ሲሠራ፣ ብዙም ሳይወራ የሚያልፈው ምሽት።

ምን አደረጉ

በ1997 መንግሥት፣ የሬይክያቪክ ከተማና የአውሮፓ ከተሞች የፀረ ዕፅ ኅብረት ሆነው «ከዕፅ የጸዳች አይስላንድ 2002» የተባለ ዕቅድ ጀመሩ። ስሙ ትልቅ ነው። ሥራው ግን የተሠራው በትናንሽ ነገር ነው።

ስለ ሰዓት እላፊው ላስቀድም፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚደነቀው በሱ ነው። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 1 ባለው የክረምት ወቅት ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለ ትልቅ ሰው ውጭ መገኘት አይፈቀድላቸውም። በበጋ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑት በሁለት ሰዓት ያንሳል። ከስፖርት ወይም ከትምህርት ቤት ዝግጅት በቀጥታ ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅ አይነካም።

ወላጆቹ ደግሞ ስምምነት ይፈራረሙ ጀመር። ትልቅ ሰው በሌለበት ቤቴ ውስጥ ፓርቲ አይደረግም። አካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ መጠጥ አልገዛም። የሌላውንም ልጅ እንደ ልጄ አያለሁ። ወረቀቱን ያዘጋጀው «ቤትና ትምህርት ቤት» የተባለው የወላጆች ብሔራዊ ማኅበር ነው።

የዚህ ወረቀት ጉልበት የት ላይ እንደሆነ የ15 ዓመት ልጅ ያለው ሰው ወዲያው ይገባዋል። «ለሁሉም ተፈቅዷል፣ እኔ ብቻ ነኝ የተከለከልኩት!» የሚለው ሙግት ወላጅን ወገቡን ይቆርጠዋል። እናትና አባት ለብቻቸው ሲሆኑ ይሸነፋሉ። የክፍሉ ወላጆች ሁሉ አንድ ነገር ላይ ከፈረሙ ግን ሙግቱ አየር ላይ ይቀራል። ልጁም ቢሆን ጓደኞቹ ፊት ማምለጫ ያገኛል። «ቤት አይፈቅዱልኝም» ማለት አያሳፍረውም፤ የሁሉም ቤት አይፈቅድማ።

በሳምንቱ መጨረሻ ማታ ወላጆች በቡድን ሆነው በሰፈራቸው ይዘዋወራሉ። ፖሊስ አይደሉም። ማንንም አያስሩም፣ አይቆጡም። ዝም ብለው በእግር ይሄዳሉ፤ ልጆች ካገኙ ሰላም ይላሉ። ጎረምሳ ጥግ ይዞ ጠርሙስ ሊከፍት ሲል የክፍል ጓደኛው እናት «እንዴት አመሸህ?» ብላ ስታልፍ፣ ያ ጥግ ከዚያ በኋላ ጥግ አይሆንም።

በዓመት ውስጥ የሚያስፈሩ ቀኖችም ለብቻቸው ታስቦባቸዋል። ከነዚህ አንዱ በነሐሴ መጀመሪያ ያለው ረጅም የዕረፍት ቅዳሜና እሑድ ነው። ሕዝቡ ድንኳን ይዞ ይወጣል፤ ጎረምሶችም ለብቻቸው ሄደው ይሰክሩበት ነበር። ለወላጆች የተላለፈው ጥሪ «ልጁን ብቻውን አትላኩት፣ አብራችሁ ሂዱ» የሚል ነው።

ገንዘብም ወጣ። በክረምት ሜዳው በረዶ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ኳስ የሚጫወቱባቸው የቤት ውስጥ ሜዳዎች ተሠሩ፤ አሠልጣኞች ሠለጠኑ። ሬይክያቪክ ከ2007 ጀምሮ ከ6 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ለስፖርት፣ ለሙዚቃና ለመሳሰለው የሚከፈል ድጎማ ትሰጣለች። በ2017 ለአንድ ልጅ በዓመት 50 ሺህ ክሮና (የአገሪቱ ገንዘብ) ደርሶ ነበር። ይህ ባይኖር ኖሮ ክለቡ የሀብታም ልጅ ብቻ በሆነ ነበር። (ጁን 27 ቀን 2016 በአውሮፓ የእግር ኳስ ዋንጫ እንግሊዝን በፈረንሳይዋ ኒስ ከተማ 2 ለ 1 ያሸነፈችው ያቺ ትንሽ አገር ስትነሣ እነዚህን ሜዳዎች አስታውሷቸው።)

የ16 ዓመቱ ዝላይ

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ይህ ክፍል ነው። ልጅ ወደ ኮሌጅ የሚሸኝ ሰው ሊያነበው የሚገባውም ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

አይስላንድ ውስጥ ግዴታ የሆነው ትምህርት የሚያበቃው 10ኛ ክፍል ላይ፣ በ16 ዓመት ነው። ከዚያ ልጁ ራሱ መርጦ ሌላ ትምህርት ቤት ይገባል። ከገጠር የመጣ ከሆነ ቤቱን ለቆ ከተማ ውስጥ ማደሪያ ይዞ ይኖራል። አዲስ ጓደኛ፣ አዲስ ከተማ፣ ከሱ በዕድሜ የሚበልጡ ተማሪዎች፣ የትምህርት ቤት ጭፈራ። በስም ኮሌጅ ባይባልም ነገሩ ያው ነው። ልጁን ከበው ይዘውት የነበሩ ነገሮች፣ የሚያውቀው መምህር፣ የሰፈሩ ክለብ፣ በር ላይ የምትጠብቅ እናት፣ በአንድ በጋ ውስጥ ይላቀቃሉ።

በዚያ ላይ ሕጉ። እስከ 1997 መጨረሻ ድረስ አንድ አይስላንዳዊ 16 ሲሞላው የራሱን ጉዳይ ራሱ የሚወስን ሰው ይሆን ነበር። ወላጅ ልጁ ሲጠፋበት፣ መጠጥና ዕፅ ውስጥ ሲገባበት እንኳ በሕግ የሚይዝበት እጅ አልነበረውም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1998 ጀምሮ ይህ ዕድሜ ወደ 18 ከፍ አለ። ሁለት ዓመት ብቻ ናት። ግን የትኞቹ ሁለት ዓመታት እንደሆኑ እዩ። ልጁ ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት ከዘለለ በኋላ ያሉት ሁለት ዓመታት ናቸው። ወላጁ በሩ ላይ አልተሸኘም፤ አብሮት ገባ።

ብዙ ቤት ውስጥ የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። እስከ መጨረሻው ፈተና ድረስ ልጁን ቀን በቀን እንከታተላለን። ውጤት ይመጣል፣ እልል ይባላል፣ ከዚያ «አሁን ትልቅ ሰው ሆነሃል» ብለን እጃችንን በአንድ ቀን እናነሣለን። ልጁ ያን ጊዜ ነው በሕይወቱ ትልቁን ጫና የሚሸከመው። የመጀመሪያው ደካማ ውጤት የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ከክፍሉ አንደኛ የነበረው ልጅ ሁሉም አንደኛ የነበሩበት ክፍል ውስጥ ይገባል። ማታ ላይ ማደሪያው ውስጥ «ና፣ ትንሽ ተዝናና፣ ይቀልልሃል» የሚለው ጓደኛ ክፉ ላይሆን ይችላል። ሊያጽናናው የመጣ ብቸኛው ሰው ይሆናል።

የተገኘውና ያልተገኘው

በ2016 ያው ጥያቄ ለአዲሶቹ የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች ቀረበ። ባለፈው ወር ሰክሬያለሁ ያለው 5 ከመቶ ነው። ካናቢስ የሞከረ 7 ከመቶ፣ በየቀኑ የሚያጨስ 3 ከመቶ። በ2015 በተደረገው የአውሮፓ አገሮች ጥናት በወሩ ውስጥ መጠጥ የቀመሱ የዚህ ዕድሜ ልጆች በአማካይ 48 ከመቶ ሲሆኑ በአይስላንድ 9 ከመቶ ነበሩ።

የኑሮው ቁጥርም አብሮ ተለውጧል። በሥራ ቀናት ከወላጆቻችን ጋር ብዙ ጊዜ እናሳልፋለን ያሉት ልጆች በ1997 23 ከመቶ ነበሩ፤ በ2012 46 ከመቶ ሆኑ። በሳምንት አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ስፖርት የሚሠሩት ከ24 ወደ 42 ከመቶ ከፍ አሉ። በመካከሉ በ2008 ባንኮቹ ወድቀው አገሪቱ ኢኮኖሚዋ ተናግቷል። የልጆቹ መጠጥ ግን መቀነሱን አላቆመም።

ሁሉንም ለአይስላንድ አሠራር መስጠት ግን ተገቢ አይመስለኝም። በእነዚያው ዓመታት በሌሎች የአውሮፓ አገሮችም፣ በተለይ በሰሜኖቹ፣ የወጣቶች መጠጥ ቀንሷል። አገሪቱም ትንሽ ናት፤ ሰው ለሰው ይተዋወቃል። መጠጡ ቢቀንስም ጭንቀቱ አልጠፋም፤ ከ2006 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት የጭንቀትና የድብርት ምልክት የሚታይባቸው ሴት ልጆች ጨምረዋል። ይህን ሳነብ አዝኛለሁ። ጠርሙሱን ከልጁ እጅ ማስጣል ይቻላል፤ ጠርሙሱን ያስፈለገው ነገር ግን ሌላ ሥራ ይጠይቃል። ሲጋራውም ሲሸሽ በኋላ የኤሌክትሪክ ሲጋራና ከንፈር ሥር የሚቀመጥ የኒኮቲን ከረጢት ተተክቷል።

ዝላዩም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተሻገሩትም። 10ኛ ክፍል ላይ ያልቀመሱት ብዙዎቹ በሚቀጥለው ትምህርት ቤት፣ 20 ዓመት ሳይሞላቸው መጠጣት ይጀምራሉ። ለዚህም መላ የሚፈልጉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ትልቅ የጭፈራ ምሽት ሲኖር በሩ ላይ የትንፋሽ መመርመሪያ ይዘው ይቆማሉ። መንፋት በፈቃድ ነው። የነፋና ምንም ያልተገኘበት ተማሪ ስሙ ለዕጣ ይገባል፤ ሽልማት አለው።

ያቺን ልጅ በሩ ላይ አስባታለሁ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ለብሳ፣ ተኳኩላ መጥታለች። ከኋላዋ ጓደኞቿ ተሰልፈዋል። ዕቃውን ተቀብላ ትነፋለች። ዜሮ። ስሟን ጽፋ ትከታለች፤ ካፖርቷን አውልቃ ወደ ጭፈራው ትገባለች።